የማን ልጅ ልበል?

አንድ ጊዜ ልጅ እንጂ ባል የማትፈልግ ዳለቻ የምትባል አህያ ነበረች። ይህን ሐሳቧን ከማንም አልደበቀችም። ከጨው ጫኞች ጋር ቆላ ወርዳ ከረመችና ሆዷ ገፍቶ ተመለሰች፤ ክረምት ሲገባም አንዲት ሴት ውርንጭላ ወለደች። ስሟን አለኝታ አለቻት። መንደሩ ግን የልጅቷን ስም ትቶ የአባቷን ይጠይቅ ጀመር። መንደር ሲባል ሥራው ይኸው ነው።

በዚያ አገር አንድ ጥብቅ ልማድ ነበር። መስከረም ሲጠባ የዓመቱ ግልገሎች ሁሉ አንበሳ ፊት ይቀርባሉ። አዋጅ ነጋሪዋ በቅሎ «የማን ልጅ ልበል?» ብላ ትጠይቃለች፤ እናትየው የአባቱን ስም ትጠራለች፤ አንበሳም መዳፉን ግልገሉ ራስ ላይ ያሳርፋል። ከዚያ ወዲያ ያን ግልገል የነካ አንበሳን እንደነካ ይቆጠራል። አባቱ ያልተጠራ ግን ጠባቂ የለውም።

ቀኑ ሲቃረብ የዳለቻ እናትና ታላቅ ወንድሟ ቦራ ሊመክሯት መጡ።

«እህቴ፣ ከኛ ወንዶች አንዱን ጥሪ» አለ ቦራ። «ማንም ይሁን። ያለ ባል ጅብ ሲመጣብሽ ማን ይደርስልሻል?»

«የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም እየተባልን አይደል እንዴ ያደግነው?» አለችው።

ቦራም ባል ነበርና ነገሩ ከነከነው። «እንግዲያው ወንድምም የለኝም በይ» ብሎ ጥሏቸው ሄደ።

እናቷ ዘግየት ብላ፣ «እኔ ያን አባትሽን የጠራሁት ወድጄው መሰለሽ?» አለቻት። «ፈርቼ ነው። ስሙን ሰጥቶን ሄደ፤ ሌላ ምን ሰጠን?»

«እኔ ግን እማዬ፣ ልጄን በፍርሃት ስም አልጠራትም።»

ቀበሮ ቁጥቋጦ ውስጥ ተኝታ ይህን ሁሉ ትሰማ ኖሯል። እየሮጠች ጅብ ዘንድ ሄደች።

«አያ ጅቦ፣ አባት መሆን ይፈልጋሉ?»

«ይበላል?»

«በደንብ እንጂ» አለችና ሕጉን አስረዳችው። ለሙት ልጆች ታስቦ የወጣ የቆየ ሕግ ነበር፤ አባቱ ያልተጠራ ግልገል «አባቱ እኔ ነኝ» ብሎ ለቆመ ይሰጣል። ይቁም አለ እንጂ ማን ይቁም አላለም። «ጆሮዋና ምላሷ ለኔ፣ የቀረው ለእርስዎ። ታዲያ አደራ፣ ከሦስት ቃል በላይ እንዳይናገሩ።»

ጅብ ሦስቱን ቃል ሲያጠና ዋለ።

ቀኑ ደረሰ። አውሬውም ከብቱም ተሰበሰበ። የዳለቻ ተራ ሲሆን በቅሎ «የማን ልጅ ልበል?» አለች። ዳለቻ ገና አፏን ሳትከፍት ጅብ ከመሃል ብድግ አለ።

«አባቷ እኔ ነኝ።»

የአንበሳ ፊት ጠቆረ፤ ሌላ ስም ካልተጠራ ግን ሕጉ የአባቱና የአያቱ ነውና ሊሽረው አይችልም። ዳለቻ ወንዶቹን አህዮች አንድ በአንድ አየቻቸው። ሁሉም መሬት መሬት ያያሉ፤ ቦራም ከነሱ ጋር። እናቷ ጆሮዋ ሥር «ጥሪ፣ ማንንም ጥሪ» እያለች ትለምናታለች። በኔ እልህ ልጄ ልትበላ ነው ብላ ዳለቻ ምርጫዋን ለመጀመሪያ ጊዜ ተጠራጠረች። አለኝታ ደግሞ ምኑም ሳይገባት የእናቷን ሆድ ተጠግታ ጅብን ሽቅብ ታየዋለች።

«ጌታዬ» አለች ዳለቻ፣ «ልጅ ሲወለድ ዘመድ ሁሉ ዓይኗ የእገሌ ነው፣ አፍንጫዋ የእገሊት ነው ይላል። አባቷ ከሆነ ይናገር። ምኗ የሱ ነው?»

«ተገቢ ጥያቄ ነው» አለ አንበሳ። «አያ ጅቦ፣ ምኗ ያንተ ነው?»

ቀበሮ ዝም በል ለማለት ከኋላ «እህ፣ እህ» አለች። ጅብ ግን አልሰማትም። ውርንጭላዋን ከላይ እስከ ታች ሲያያት ለሃጩ ተዝረከረከ።

«ጭኗ የኔ ነው» አለ። «ጎድኗም የኔ ነው። ጉበቷማ ሙሉ በሙሉ የኔ ነው።»

«ጆሮዋስ?» አለ አንበሳ ቀስ ብሎ።

«ጆሮዋና ምላሷ የቀበሮ ነው።»

ቀበሮን ዞር ብለው ቢያዩዋት የለችም። ጅብ ነገሩ እንደተበላሸ ሲገባው ውርንጭላዋ ላይ ዘለለ፤ የዳለቻ ሁለት ኮቴ ግን ቀድሞ መንጋጋው ላይ አረፈ። አፉን ይዞ ቁልቁል ሸሸ። ከወንዶቹ አህዮች አንድም የተንቀሳቀሰ አልነበረም።

ጭንቁ ግን አላለቀም። በቅሎ ጉሮሮዋን ጠራርጋ፣ «የአባት ስም አሁንም አልተጠራም» አለች። «የማን ልጅ ልበል?»

«የዳለቻ ልጅ ይበሉ።»

«ይህ የእናት ስም ነው። ደንቡ አባቷ ማነው ይላል።»

«እርስዎስ አባትሽ ማነው ሲሉዎት እናቴ ፈረስ ናት አይደል የሚሉት?» አለቻት ዳለቻ። «አባትዎን እኛ አህዮች እናውቀዋለን፤ የኛው ነው። አንድም ቀን ግን አፍረንብዎት አናውቅም።»

በቅሎ አቀረቀረች። አንዳንዶች ሊስቁ ፈልገው ፊቷን ሲያዩ ተዉት። ከዚያም ቀና ብላ፣ እስከ ወንዙ ማዶ በሚሰማ ድምፅ፣ «አለኝታ ዳለቻ» ብላ ጠራች። አንበሳም መዳፉን አሳረፈ።

ወደ ቤት ሲመለሱ ቦራ ከኋላ ከኋላ ይከተላቸው ነበር። ዳለቻም ናም አላለችው፣ ሂድም አላለችው።

ከዚህ የምንማረው አባት ያልተጠራበት ቤት ሁሉ ጎደሎ እንዳልሆነ፣ ስም ለመሙላት ብቻ የቆመ አባት ግን ልጅ ሊያስበላ እንደሚችል ነው።