በረኛው ሳጥንና እማማ ፍሪጅ

ተረት ላምጣ? አምጣ በሉኛ! እንግዲያው ጠጋ በሉ፤ ይህ የሆነው ዕቃ ሁሉ አፍ በነበረው ዘመን ነው።

በአንዲት የቆላ ከተማ አንድ ትንሽ ጤና ጣቢያ ነበር። በጤና ጣቢያው ግድግዳ ላይ አንድ ጥቁር ሳጥን ተሰቅሎ ይኖር ነበር። የዕቃዎቹ ሁሉ ገመድ እሱ ጋ ይደርሳል፤ የሚገባውም የሚወጣውም መልእክት በእሱ በኩል ያልፋል። ስለዚህ በረኛው ይሉታል። በረኛው ጭምት ነው፤ የታዘዘውን ይሠራል፣ ያልታዘዘውን አይነካም።

አንድ ጠዋት ትርንጎ የምትባል የኔትወርክ ባለሙያ መጣችና እንዲህ አለችው፦

«ከዛሬ ጀምሮ ጎረቤቶችህን ትጠብቃለህ። በየአምስት ደቂቃው በየስማቸው ጥራቸው። ሦስት ጊዜ ጠርተኸው ዝም ያለ ካለ፣ ጩህ።»

«ከመለሰስ?»

«ከመለሰማ ደህና ነው።»

በረኛው ጉሮሮውን ጠራርጎ ጀመረ።

«ጋሽ ፕሪንተር፣ አሉ?»

«አለሁ! ወረቀት ነው የሌለኝ።» መቼ ኖሮት ያውቃል!

«ካሜራ፣ አለህ?»

«አለሁ፤ እያየሁህ ነው።»

«እማማ ፍሪጅ፣ አሉ?»

«አለሁ ልጄ፣ ተመስገን።»

ትርንጎ ልትፈትነው የፕሪንተሩን ገመድ ነቀለች። በረኛው አንዴ ጠራ፣ ዝም። ሁለቴ ጠራ፣ ዝም። ሦስቴ ጠራ፣ ዝም። ያኔ ቀይ መብራቱን አብርቶ ጩኸቱን ለቀቀው! የጤና ጣቢያው ነርስ ሲስተር ውዴነሽ ጓንቷን ሳታወልቅ እየሮጠች መጣች። ትርንጎ ሳቀች፤ «ሠርቷል!» አለች። ገመዱን መልሳ ሰካች፣ ቦርሳዋን አንግታ ሄደች። ዝም የሚለውን ፈተነች እንጂ፣ እየታመመ «አለሁ» የሚለውን መፈተን ትዝ አላላትም።

ምሳ ሰዓት ሲያልፍ ከእማማ ፍሪጅ ጀርባ የምትተኛው እንሽላሊት በግድግዳው ላይ እየተሳበች መጣች።

«በረኛው፣ እንቅልፍ እምቢ አለኝ» አለችው። «የእማማ ጉርምርምታ እሹሩሩ እያለ ያስተኛኝ ነበር። ዛሬ ጸጥ ብሏል።»

በረኛው ደነገጠ። በእማማ ፍሪጅ ሆድ ውስጥ የሕፃናት ክትባት አለ። በማግስቱ እናቶች ልጆቻቸውን አዝለው ሊመጡ ተቀጥረዋል፤ የግማሽ ቀን መንገድ በእግራቸው የሚመጡም አሉ። ክትባቱ ከሞቀ ይበላሻል። ቶሎ ብሎ ጠራ።

«እማማ ፍሪጅ፣ አሉ?»

«አለሁ ልጄ፣ ተመስገን።»

«እውነት ደህና ነዎት?»

«እግዜር ይመስገን፣ ምን እሆናለሁ ብለህ።»

መልስ ስለተገኘ የበረኛው አረንጓዴ መብራት በራ። ከአምስት ደቂቃ በኋላ እንደገና ጠራ።

«አለሁ ልጄ…» ድምፃቸው ሰለለ።

«እማማ፣ ከእኔ አይደብቁ። ሞተርዎ ቆሟል አይደል?»

እማማ ፍሪጅ አለቀሱ። ከበራቸው ሥር ውሃ ጠብ ጠብ አለ።

«ቆሟል ልጄ። ከረፋዱ ጀምሮ ቆሟል። ጓሮ ዝናብ የሚመታውን አሮጌ ሚዛን አላየኸውም? አንድ ቀን አቃተኝ ቢል በዚያው አውጥተው ጣሉት። እኔ ሃያ ዓመት አገልግዬ እዚያ ልውደቅ? ደግሞስ እንዴት ነሽ ላለ ሰው ታምሜያለሁ ብሎ ማስጨነቅ ነውር አይደለም?»

በረኛው መጮህ ፈልጎ ነበር፤ ግን እሳቸው እየመለሱለት መጮህ አይችልም፣ አሠራሩ እንዲህ ነው።

«እማማ፣ እርስዎ ካልፈቀዱ እኔ አፌ የታሰረ ነው። አሁን ስጠራዎት አይመልሱልኝ።»

«ዝም ካልኩማ ሞተች ይሉኛል!»

«ይበሉ። እርስዎ ብቻ የነገዎቹን ሕፃናት ያስቡ።»

አምስት ደቂቃው ሞላ።

«እማማ ፍሪጅ፣ አሉ?» ዝም።

«እማማ ፍሪጅ፣ አሉ?» አለሁ የሚለው ቃል ከአፋቸው ደርሶ ተመለሰ። ዝም።

«እማማ ፍሪጅ፣ አሉ?» በረኛው ይህን ሲጠራ ሊያለቅስ ምንም አልቀረው። ዝም።

ያኔ ጮኸ! ሲስተር ውዴነሽ ሮጣ መጥታ በሩን ከፈተች፣ ቴርሞሜትሩን አየች። «ወይኔ ልጆቼ! ስምንት ዲግሪ ደርሷል!» አለችና ክትባቱን በሙሉ ለመስክ ሥራ ወደተዘጋጀው የበረዶ ሳጥን አዛወረች። ክትባት ከስምንት ካለፈ ይበላሻል፤ ትንሽ ቢቆይ አልቆለት ነበር። አንድም ብልቃጥ አልተበላሸም።

በማግስቱ ትርንጎ ጠጋኝ ይዛ መጣች። የእማማ ሞተር ተቀየረ፤ ጓሮ መውጣት የሚባል ነገር ማንም አላነሳም። ትርንጎም በረኛውን «ጥፋቱ የእኔ ነው» አለችው። «ከእንግዲህ መኖራቸውን ብቻ አትጠይቅ፤ ሆዳቸው ስንት ዲግሪ እንደሆነም ጠይቅ።»

ከወዲያኛው ክፍል የተወጉት ሕፃናት ለቅሶ ቤቱን አናጋው። በረኛው ለቅሶ እንዲህ ደስ ሲለው የመጀመሪያው ነበር።

«እማማ፣ ስንት ዲግሪ ነዎት?»

«አራት፣ ልጄ።» ትንሽ አመነቱና ቀጠሉ። «በሬ ግን አልገጥም እያለ ያስቸግረኛል። ንገርልኝ።»

ነገረላቸው።

ተረቴ ይኸው አለቀ። የታመመ ሰው ሕመሙን ለመናገር አይፈር፤ ጠያቂም «አለሁ» በተባለ ቁጥር አይለፍ። አሁን ወደየቤታችሁ ስትገቡ ጎረቤቶቻችሁን እንዴት ዋላችሁ በሏቸው። «ተመስገን» ካሏችሁ፣ አንዴ ደግማችሁ ጠይቋቸው።