የውባንቺ ነጥብ

ወደ ዓባይ በረሃ ቁልቁል በሚያየው የጎጃም አገር ሰምበሊጥ ሜዳ የምትባል አንዲት አጥቢያ አለች። ዕድሜዋ ከሃምሳ የዘለለ የዚያች አጥቢያ ሴት በገበያ አጋጥማችሁ ነጠላዋን ስታስተካክል አንገቷን ብታዩት፣ እንደ ማንኛዋም የአካባቢው ሴት ሦስት ረድፍ ንቅሳት ታያላችሁ፤ ከረድፎቹ ተለይታ ግን ብቻዋን የቀረች አንዲት ጥቁር ነጥብ ትኖራለች። የአንዷ ነጥብ ከሦስተኛው ረድፍ አንድ ጣት ያህል ዝቅ ብላ ትገኛለች፣ የሌላዋ ወደ ጆሮዋ ሥር ትወጣለች፣ የሌላዋ ደግሞ ወደ ማጅራቷ ሸሽታ ከጸጉሯ ጋር ትደባለቃለች። የማያውቅ ሰው የነቃሿ እጅ የሳተ ይመስለዋል። የአገሩ ሰው «የውባንቺ ነጥብ» ይላታል፤ ከየት እንደመጣችም ሽማግሌዎቹ እንዲህ ሲሉ ያወጋሉ።

ዘመኑን ቆርጦ የሚናገር የለም። ከፊሎቹ ከታላቁ የከብት እልቂት በፊት ነው ይላሉ፣ ሌሎቹ ከዚያ ወዲህ ነው ብለው ይከራከራሉ። በዚያን ጊዜ ውባንቺ የምትባል ነቃሽ ነበረች ይባላል። ባሏ በወጣትነቷ ሞቶባት፣ ልጅም ሳታገኝ፣ ከወንድሟ ቤት አጠገብ ጎጆ ቀልሳ የምትኖር ሴት ስትሆን፣ በዙሪያው ባሉት ሰባት አጥቢያዎች የእሷ መርፌ ያልነካው አንገት አይገኝም ነበር ይላሉ። እጇ ቀላል ነበር። እየወጋች ወሬ ታወራለች፣ ሰው ታማለች፣ ታስቃለች፤ ልጅቷ አፏን ከፍታ ስትሰማ አንዱ ረድፍ ሳይታወቃት ያልቃል። ሴቶች በመንገድ ሲያገኟት አንገታቸውን ገለጥ አድርገው «ይኸው ያንቺ እጅ!» ይሏት ነበር፤ እሷም ጠጋ ብላ አይታ የማን ሠርግ፣ የየትኛው ዓመት እንደነበር ትነግራቸው ነበር።

የወንድሟ ልጅ አንጓች ያደገችው እዚያው እግሯ ሥር ነው። ከድስት ቂጥ ጥላሸት ፍቃ በቅጠል ጭማቂ መለወስን፣ ሦስት መርፌ በጥጥ ክር አጋጥሞ ማሰርን የለመደችው ገና በልጅነቷ ነበር። ስለዚህም ከእኩዮቿ ሁሉ ይልቅ ንቅሳትን የምትፈራው እሷ ነበረች ይባላል። እኩዮቿ ያለቀውን አንገት ነው የሚያዩት፤ እሷ ግን ደሙን፣ እብጠቱን፣ ከንፈሯን ነክሳ ጣቷን የምትጨብጣትን ልጅ አይታለች። «እኔስ እግዜር እንደሰጠኝ እኖራለሁ» እያለች ጓደኞቿ ሁሉ ተነቅሰው ሲያልቁ ባዶ አንገቷን ቀረች።

በኋላ ደምለው ለሚባል የወንዝ ማዶ ጎረምሳ ታጨችና ሠርጓ ለጥር ተቆረጠ። በዚያ ዘመን ሙሽራ ያለ ንቅሳት አማቶቿ ፊት ከቀረበች ወላጆቿን ታሳማ ነበር።

«ከዚህ በላይ አናቆየውም» አለቻት እናቷ ዘርትሁን። «ቁስሉ ለሠርጉ እንዲደርቅ በዚህ ሳምንት መነቀስ አለብሽ። የማዶዋን ነቃሽ ላስጠራልሽ ነው።»

«አክስቴ እያለች?»

ዘርትሁን ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «አክስትሽ እኮ ዓይኗ ደክሟል፣ ልጄ። ባለፈው እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ እኔን በእህቴ ስም ጠርታ ስለ ልጆቿ ጠየቀችኝ። እንግዲህ አንገትሽን ለሷ ልሰጥ?»

አንጓች ይህን ከእናቷ በፊት ታውቀው ነበር። ሞራው በአክስቷ ዓይን ላይ ሲወጣ አይታለች። ካለፈው ክረምት ጀምሮ መርፌዎቹን የምታስርላት እሷ ነበረች፣ ሁለቱም ስለዚህ ነገር ተነጋግረው አያውቁም። ነገር ግን ሌላም ነገር ታውቅ ነበር፤ ከፋሲካ ወዲህ ውባንቺን ለንቅሳት የጠራት ሰው አልነበረም። አሁን የገዛ ወንድሟ ልጅ ሌላ ነቃሽ ብታስጠራ፣ ሰባቱ አጥቢያ በሹክሹክታ ሲጠረጥር የቆየውን እርግጡን ያውቃል።

«አክስቴ በሕይወት እያለች ሌላ ሰው አንገቴን አይነካውም» አለች አንጓች። «ካልሆነ ባዶዬን እዳራለሁ።»

እናትየው ተቆጣች፣ ለመነች፣ በመጨረሻ ተወቻት።

በማግስቱ ጠዋት፣ ጤዛው ሲረግፍ፣ ውባንቺ ከጎጆዋ ደጅ ቁርበት አንጥፋ አንጓችን አስቀመጠቻት። ደጋግማ «ወደ ፀሐይ ዙሪልኝ» ትላት ነበር። በቀኝ እጇ እየወጋች የግራ እጇን ጣት ከመርፌው ኋላ ታስከትላለች፤ የወጋችው ቦታ ወዲያው ስለሚያብጥ፣ እብጠቱን በጣቷ ዳብሳ ነው ቀጣዩን የምታሳርፈው። አንጓች ሕመሙ እንደ ፈራችው እንዳልሆነ ተሰማት። እሷ የፈራችው ስለት ነበር፤ ይህ ግን ትኩስ ፍም ከሩቅ እንደሚለበልብ ዓይነት፣ ቀስ ብሎ የሚለመድ ነገር ሆኖ አገኘችው። አክስቷም እንደ ዱሮዋ ወሬዋን ጀመረች፤ አያቷ ሲነቀሱ ከቁርበቱ ተነስተው እንዴት ወደ ጎመን ማሳ እንደሮጡ እያወራች አሳቀቻት። አንደኛው ረድፍ አለቀ፣ ሁለተኛውም አለቀ።

ሦስተኛው ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው፣ በስተግራ በኩል፣ መርፌው አንጓች ባልጠበቀችው ቦታ ወጋት። ሳታየው አወቀችው። የአክስቷ እጅ ባለበት ቆመ፣ ወሬውም ተቋረጠ።

«ስቼ ይሆን?» አለች ውባንቺ ቀስ ብላ።

አንጓች ዞር ብላ አየቻት። አሮጊቷ ፊቷን ወደ እሷ አዙራለች፤ ዓይኗ ግን ከትከሻዋ አልፎ የሆነ ቦታ ይመለከታል።

«አልሳትሽም» አለቻት። «ጨርሺ፣ አክስቴ።»

እንደሚነገረው ቅርፊቱ ረግፎ ቆዳው የጠራው በአሥራ አምስተኛው ቀን ነው። ዘርትሁን ልጇን ወደ ብርሃን አውጥታ ስታያት ደረቷን ደቃች። «ዋይ! አንገትሽን አበላሸችው!» አለች። ከዚያ ወዲያው መላ ፈለገች፤ የማዶዋ ነቃሽ መጥታ ከታች አራተኛ ረድፍ ትጨምራለች፣ ያቺ የተንጠባጠበች ነጥብ በረድፉ ውስጥ ትዋጣለች፣ ማንም ምንም አያውቅም።

«ነቃሿ ታውቃለች» አለች አንጓች። «እሷ ካወቀች ደግሞ ገበያው ያውቃል።»

አንጓች ግን ነጥቧን ወደደቻት ማለት አይደለም፤ ይህን ሽማግሌዎቹ ሳይሸፍኑ ነው የሚናገሩት። ወንዝ ወርዳ በረጋው ውሃ አንገቷን ስታይ ዓይኗ ከሦስቱ ረድፎች ላይ አልፎ ነጥቧ ላይ ይወድቅ ነበር። በአመድ ፈተገቻት፣ ነጠላዋን በላይዋ ጠመጠመች፣ ማንም በሌለበት አለቀሰችባት። ቆዳዋ ሆና ከእሷ ጋር ታረጃለች ብላ ታስብ ነበር። ወደ ቤት ስትመለስ ግን አክስቷ ደጅ ቆማ፣ ኮቴዋን ሰምታ፣ «ዳነልሽ? አማረብሽ?» ትላታለች። «ዳነልኝ፤ ሰው ሁሉ ወደደው» ትላለች አንጓች።

ሠርጉ ሆነና አለፈ፤ የሙሽሪት ፊትም አንገትም ተሸፍኖ ስለነበር ያየ አልነበረም። የቅልቅሉ ዕለት ግን የአንጓች ዘመዶች ወንዝ ተሻግረው መጡ፤ ውባንቺም ክንዷን ተይዛ መጥታ ከሴቶቹ መካከል ተቀመጠች። የደምለው እናት ወይዘሮ እንጉዳይ አንደበተ ስለታም ሴት ነበሩ ይባላል። ምራታቸውን አጠገባቸው አስቀምጠው ነጠላዋን ከአንገቷ ገለጥ አደረጉና አጎንብሰው አዩ።

«አንቺ ልጅ፣ ይህቺ ደግሞ ምንድን ናት? ነቃሽሽ አስነጥሷት ነው?»

ሴቶቹ ሳቁ። ዘርትሁን መሬት መሬት አየች። ውባንቺ የያዘችውን ዋንጫ ወደ አፏ ሳታደርሰው ቆመች።

አንጓች ሙሽራ ነበረችና አንገቷን ደፍታ ዝም ማለት ነበረባት። እሷ ግን ቀና ብላ ተናገረች።

«እሜቴ፣ ሦስቱ ረድፍ የአገሩ ነው። በእናቴም አንገት አለ፣ በእርስዎም አንገት አለ። ይህቺ ግን የኔ ብቻ ናት። አክስቴ ወልዳ ባትወልደኝም ያሳደገችኝ ናት፤ ሌላው ሁሉ ካለቀ በኋላ ለምኜ ከእጇ የተቀበልኳት ናት።»

ወይዘሮ እንጉዳይ ምራታቸውን ለረጅም ጊዜ ካዩ በኋላ እጃቸውን ወደ ገዛ አንገታቸው ሰደዱና በተሸበሸበው ቆዳ ላይ ረድፎቹን ዳበሱ። «እኔንስ ሲነቅሱኝ ምን እንደምወድ የጠየቀኝ ሰው አልነበረም» አሉ። ከዚያ ነጠላውን አንገቷ እንዲታይ አድርገው መልሰው አለበሷት።

ሰዉ ለመሄድ ሲነሳ ውባንቺ እስከ አጥሩ በር እንድትሸኛት አንጓችን ጠየቀች። እዚያ ሲደርሱ ክንዷን አልለቀቀችም።

«የት ላይ ናት?» አለቻት።

አንጓች የአክስቷን ጣት ይዛ ነጥቧ ላይ አኖረችው። ቆዳው ድኖ ለስልሷል፤ በጣት የሚዳበስ ነገር አልነበረውም።

«ይህን ያህል ርቄ?»

«አንድ ጣት ነው።»

«ያን ዕለት ስጠይቅሽ አልሳትሽም አልሽኝ።»

«ዋሸሁሽ።»

ውባንቺ ጣቷን ከነጥቧ ላይ ሳታነሳ ጠየቀቻት። «አስጠላችሽ?»

«መጀመሪያ አስጠልታኝ ነበር። አልቅሼባታለሁ» አለች አንጓች። «አሁን እየለመድኳት ነው።»

አሮጊቷ እዚህ ላይ አለቀሰች የሚሉ አሉ፤ ሳቀች የሚሉም አሉ። ሁሉም የሚስማሙበት ግን መቀነቷን ፈትታ የመርፌዎቿን ቋጠሮ አውጥታ በአንጓች መዳፍ ላይ ማኖሯን ነው። «በቃኝ» አለቻት። «ሌላው ሰው በቃሽ ሳይለኝ እኔው በቃኝ ልበል።»

ዓመት ዞረና የደምለው ታናሽ እህት ትበልጥ ልትዳር ሆነ። የወንድሜ ሚስት ካልነቀሰችኝ፣ ያቺንም የብቻ ነጥብ ካላደረገችልኝ አለች። አንጓች መርፌ በሰው ቆዳ ላይ አሳርፋ አታውቅም ነበር፤ ያየችውን ሁሉ እያስታወሰች ሦስቱን ረድፍ ጨረሰች። ሰው ልካ ውባንቺን አስመጥታት ነበርና፣ መርፌውን በእጇ አስያዘቻት፣ እጇን ወደ ልጅቷ አንገት አስጠጋችና ለቀቀቻት።

«የት ላይ ላሳርፋት?» አለች ውባንቺ ግራ ገብቷት።

«ባረፈችበት።»

መርፌው ከጆሮዋ ሥር አረፈ። ትበልጥ ጮኸች፣ ወዲያው ሳቀች፣ ሴቶቹም እልል አሉ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ወዲህም ማዶም ያሉ ሙሽሮች ለመጨረሻዋ ነጥብ ውባንቺን ማስመጣት ጀመሩ። ዓይኗ ፈጽሞ ሲጠፋ በበቅሎ ይወስዷት ነበር፤ በወጣትነቷም እንኳ እንደዚያ ተጠርታ አታውቅም ነበር ይላሉ። የልጇ አንገት ተበላሸ ብላ ደረቷን የደቃችው ዘርትሁን እንኳ በስተርጅናዋ መጥታ «እኔንስ?» ብላ ተነቅሳለች። ውባንቺ ስትሞት ነጥቧ ስሟን ወሰደች፤ የማሳረፉም ወግ በየሠርጉ ለተገኘችው የዕድሜ ባለጸጋ ሴት አለፈ።

አንጓች ብዙ ዓመት ኖረች። ነጥቧ ለዓመታት ትዝ ሳትላት ትቀርና፣ ጡት የሚጠባ ልጅ በትንሽ ጣቱ ሲነካት ብቻ ታስታውሳት ነበር፤ አምስቱም ልጆቿ ማንም ሳያሳያቸው አግኝተዋታል። በእርጅናዋ ቆዳዋ ሲላላ ሦስቱ ረድፎች ተደባልቀው ወደ አረንጓዴ ያደላ ጥላ ሆኑ። ያቺ አንዷ ግን አጠገቧ የሚደባለቃት ስላልነበረ እንደ መጀመሪያው ቀን ጠቁራ ቀረች። የልጅ ልጆቿ ሲጠይቋት «ይህቺ የሳተች አይደለችም፤ እኔ አልሳትሽም ብያታለሁ» ትላቸው ነበር ይባላል።

ዛሬ በሰምበሊጥ ሜዳ በመርፌ የሚነቀስ ሰው የለም ማለት ይቻላል። የጤና ባለሙያዎች ስለ መርፌ መክረዋል፤ ከተማ ወጥተው የተማሩት ልጆችም አንገታቸው ባዶ ነው። የሠርግ ጠዋት ግን በአጥቢያዋ ያለችው አንጋፋ ሴት ትጠራና ጣቷን ኩል ነክራ በሙሽራዋ አንገት ላይ ታሳርፋለች። በቅርቡ በተደረገ አንድ ሠርግ ከከተማ የመጣው ፎቶ አንሺ ቆሻሻ መስሎት መሐረብ አውጥቶ «አንድ ጊዜ፣ እሷን ልጥረጋት» ሲል፣ ሙሽራዋ ገና እጇን ሳታነሳ ደጅ ላይ የነበሩት ሴቶች ሁሉ በአንድ ድምፅ «ተዋት!» እንዳሉት ይነገራል።