የአማት በረዶ

በሰሜን ተራሮች ጫፍ በምትገኘው ቁር አምባ እስከ ዛሬ የሚሠራበት ወግ አለ። ሚስቱ ለመጀመሪያ ወሊድ ቆላ ወደሚገኘው የእናቷ ቤት የወረደችበት ባል፣ ሊመልሳት ሲሄድ ለአማቱ በበግ ለምድ የተጠቀለለ በረዶ ይዞ ይወርዳል፤ ራሱ ግን ያለ ለምድ ነው የሚሄደው። እንግዳ ሰው ሲያየው ይስቃል፤ የአገሩ ሰው አይስቅም።

እንደሚነገረው ወጉን የጀመረው ጓንጉል የሚባል ገብስ አራሽ ነው። ሚስቱ ወለቴ የተከዜ ዳር ልጅ ነበረችና እንደ ደንቡ እናቷ ዘንድ ወርዳ ሴት ልጅ ወለደች። የሰማንያ ቀን ክርስትናው አልፎ ጓንጉል ሊወስዳቸው ቢመጣ፣ እናቷ እመት ሽቴ ደጃፍ ላይ ቁጭ ብለው እንቢ አሉ። ከደጋ የወረደ በግ ነጋዴ ስለ ቁር አምባ ብርድ ነግሯቸው ኖሯል።

«ውኃ አድሮ ድንጋይ በሚሆንበት አገር ይህችን ጨቅላ አልሰድም» አሉ። «ለውኃ ያልራራ ብርድ ለእሷ ይራራል?»

«ኧረ እመይቴ፣ ሙቀት ሲነካው ተመልሶ ውኃ ነው የሚሆን!»

«እንግዲያው አምጣና አሳየኝ። መዳፌ ላይ ውኃ ሲሆን ካየሁ መርቄ እሰጥሃለሁ፤ አለዚያ ልጆቼ እዚሁ ናቸው።»

ጓንጉል አገሩ ወጥቶ፣ ማልዶ ከበጎቹ ማጠጫ ገንዳ የረጋውን በረዶ ፈንቅሎ በማሰሮ ይዞ ወረደ፤ ቆላው መግቢያ ካለው ዋርካ ዘንድ ሲደርስ ግን ሸክሙ ይንቦጫቦጭ ጀመር። እመት ሽቴ ወደ ማሰሮው አጎንብሰው አዩና «ውኃማ እኛም አለን» አሉ። በሁለተኛውም ጊዜ እንደዚያው ሆነ። ልጁን አቅፎ ተቀመጠ።

«ለምድህን ለምን አታለብሰውም?» አለችው ወለቴ።

«በረዶን? ለምድ እኮ ያሞቃል!» ለደገኛ ለምድ ሌላ ሥራ የለውምና ሳቀባት።

«እኛ የውኃውን ቅል በገለባ የምንጠቀልለው በርዶት ነው? ሙቀት እንዳይገባበት እንጂ።»

ነገሩ ብዙም ባይዋጥለትም ሌላ ተስፋ አልነበረውምና እሺ ብሎ ወጣ። ቁር አምባን ግን ደመና ሸፍኗት ደረሰ፤ ሰማዩ ደመና ሲለብስ ብርዱ አይጠነክርምና ውኃው ሳይረጋ ይነጋ ነበር። የልጁ ሽታ እየናፈቀው ዘጠኝ ቀን ጠበቀ። በአሥረኛው ሰማዩ ጠራ። በሰፊ ገበታ ያሰጣው ውኃ ረግቶ ድርቅ ብሎ አደረ፤ በላዩ ሌላ ውኃ እየጨመረ ሦስት ቀን አወፈረው። ከዚያ በገለባ ሸፍኖ ለምዱን አለበሰውና ራሱ በእጀ ጠባብ እየተንቀጠቀጠ ወረደ።

ሲደርስ የቀረችው እንቁላል የምታህል ነበረች። መዳፋቸው ላይ ሲያኖራት እመት ሽቴ «ወይኔ፣ አቃጠለችኝ!» ብለው ጮኹ፤ ግን አልጣሏትም። በጣቶቻቸው መሐል ጠብ ጠብ ስትል እያዩ አለቀሱ ይባላል።

«ለካ የሰው እጅ ይበቃታል» አሉ። በዚያችው ውኃ የልጅ ልጃቸውን ፊት አበሱ፤ መርቀውም ሸኟቸው።

ዛሬም በረዶው በአማት መዳፍ ላይ ቀልጦ ሳያልቅ ሴቲቱ ከእናቷ ቤት አትወጣም። ጨበጥ ቢያደርጉት ቶሎ እንደሚያልቅ እናቶች ሁሉ ያውቃሉ። ሆኖም አንዲትም እናት ስትጨብጠው ታይቶ አይታወቅም፤ ጣቶቻቸውን ዘርግተው፣ እጃቸው እየደነዘዘ፣ ልጃቸውን እያዩ ይቀመጣሉ።