በባትሪ ፈንታ ስልክ

አቶ ደምመላሽ የሚባሉ ሥራ አስኪያጅ ነበሩ፤ የማያውቁት ነገር የለም። ገጠር ጉብታ ላይ የስልክና የኢንተርኔት ታወር ሲያስተክሉ ባለሙያዎቹ፣ «መብራት ሲሄድ እንዳይጠፋ ባትሪ ወይ ጄኔሬተር ይምረጡለት» ቢሏቸው ሳቁ።

«ለምን ብዬ? መብራት ሲሄድ የታወሩ ጥበቃ በስልኳ ትደውላለች፤ ያኔ ጄኔሬተር በመኪና እንልካለን።» ተጨበጨበላቸው።

ክረምት ገባና መብራት ሄደ። ታወሩ ጸጥ ሲል የአገሩ ስልክ ሁሉ አብሮ ጸጥ አለ። ወንዙም ሞልቶ፣ ሄዶ የሚናገር አልተገኘም። በአራተኛው ቀን ወንዙ ሲጎድል አቶ ደምመላሽ እየፎከሩ ደረሱና ጥበቃዋን ሕዝብ ፊት አቆሟት። ሴትዮዋ ሦስት ልጅ የምታሳድገው በዚያች ደመወዝ ነው።

«ለምን አልደወልሽም?»

«ጌታዬ፣ የእኔም ስልክ የሚሠራው በዚሁ ታወር ነው።»

«ሰበብ አልወድም። ታወሩ ሲጠፋ በስልክሽ ንገሪ ተብለሻል። የሚያጠግብ መልስ ካጣሽ ቁልፉን አስረክቢና ሂጂ።»

ሴትዮዋ ነጠላዋን እንደ ለቀስተኛ አዘቅዝቃ ቁልፉን በሁለት እጇ ዘረጋች።

«ጌታዬ፣ እኛ አገር ሰው ሲሞት መርዶውን የሚያረዳው ጎረቤት ነው። ሟቹ ራሱ ተነሥቶ ‹ሞቻለሁ› ብሎ እንዲናገር ያዘዙ የመጀመሪያው ሰው እርስዎ ነዎት። ቁልፉን እንኩ፤ ብቻ ለሚተካኝ ጥበቃ ሬሳ እንዴት እንደሚያናግር አስተምረውት ይሂዱ።»