ፈቃድ በአንድ ቀን

ድንኳን ተክሎ ሰው የሚያዝናና አንድ ኩባንያ፣ አገሩ ለሥራ ይመች እንደሆነ የምታጠና ባለሙያ ላከ። የፈቃድ ቢሮው ኃላፊ አቶ ልሳነወርቅ ይህን እንደሰሙ አፉ የማያርፈውን የግቢውን ዘበኛ ጠሩት።

«ከጠየቀችህ ፈቃድ በአንድ ቀን ያልቃል ነው የምትላት። አያልቅም ብትል ግን ከነገ ጀምሮ እዚህ በር ላይ እንዳላይህ።»

«እሺ ጌታዬ» አለ ዘበኛው።

ባለሙያዋ መጣች። ኃላፊው ቢሯቸውን ሲያሞግሱ ውለው እስከ በሩ ሸኟት። እሷም ሹም ካወራው ዘበኛ ያየው ይሻላል ብላ፣

«እውነት እዚህ ፈቃድ በአንድ ቀን ያልቃል?» ስትል ጠየቀችው።

ዘበኛው ኃላፊውን ዞር ብሎ አየና፣

«አዎ እመቤቴ፣ በአንድ ቀን ያልቃል» አላት። ኃላፊው ፈገግ አሉ። ዘበኛው ቀጠለ፣

«ያ ቀን እስኪመጣ ግን አንዱን ድንኳን እዚሁ ግቢ ይትከሉት።»