የዳር መድረኳ ሰባት አድማጮች

በሐዋሳው ትልቅ የሙዚቃ ፌስቲቫል ላይ ለአንዲት ክራር ደርዳሪ ከሁሉም ራቅ ያለው መድረክ ደረሳት። ሦስት ወር ተለማምዳ ብትመጣም ከፊቷ የተቀመጡት ሰባት ሰዎች ብቻ ነበሩ። ቅር ቢላትም በሙሉ ልቧ ትጫወት ጀመር።

የፌስቲቫሉ የበላይ አቶ ልሳነወርቅ አጃቢዎቻቸውን አስከትለው መጡና ባዶዎቹን ወንበሮች አይተው፣ «ልጄ፣ ለሰባት ሰው ብለን መድረክ አናቆምም። ትናንት እኔ የመክፈቻውን ንግግር ሳደርግ ሜዳው ጢም ብሎ ነበር። በይ ክራርሽን ሰብስቢ» አሏት።

እሷም ጎንበስ ብላ እጅ ነሳችና፣ «እውነት ነው ጌታዬ፣ እኔም እዚያው ነበርኩ። ያ ሁሉ ሕዝብ ‹መቼ በጨረሱልን› እያለ ነበር የሚጠብቀው። እነዚህ ሰባቱ ግን እንዳልጨርስባቸው ነው የሰጉት» አለች።

ሰባቱ በሳቅ ፈረሱ። አቶ ልሳነወርቅም ሳቃቸው አመለጣቸውና ወንበር ስበው ተቀመጡ።