የኖራው ውሃና የአንድ ሰው ይቅርታ

የፍሳሽ ቱቦ ገና አዲስ ነገር በነበረበት በአንድ ወቅት፣ ተዳፋት ላይ በተቀመጠች ትንሽ ከተማ ሦስት ወንድማማች ይኖሩ ነበር። ቱቦው ከላይኛው ሰፈር ይነሣል፣ በየቤቱ አጠገብ ያልፋል፣ ከታች ካለው ማጣሪያ ኩሬ ይገባል። ከኩሬው በሚወጣው ውሃ የመስኩ ሰዎች ጎመንና ሽንኩርት ያጠጣሉ።

ቱቦው የተቀበረ ጊዜ ሰፈሩ ተሰብስቦ ደንብ አወጣ። የልብስ አጠባና የወጥ ቤት ውሃ ይግባ። የአረቄ አተላ፣ የከብት ደምና ፈርስ፣ የቆዳ ኖራ አይግባ። እንዲህ ያለ ሥራ ያለው ሰው በግቢው ጉድጓድ ቆፍሮ ያጠራቅም፣ ሲረጋ ዝቃጩን ከከተማ አውጥቶ ይቅበር። ኖራ ኩሬው ከገባ ቆሻሻውን የሚያብላላው ነገር ይሞታል፤ አትክልቱም ይቃጠላል። ይህን ሁሉም ሰማ። ሁሉም እጁን አነሣ። ቱቦውን ስለ መድፈን ግን የተናገረ አልነበረም። ማን ይደፍነዋል ተብሎ።

ታላቁ ወንድም ጓንጉል ቆዳ ያለፋል። ቆዳውን ኖራ ውስጥ ይዘፈዝፋል፣ ጠጉሩን ይፍቃል፣ ነጩን ውሃ በግቢው ጉድጓድ ውስጥ ይደፋል። ጉድጓዱ ጠባብ ነበር። በበጋ ሁለተኛ ቆፍር ተባለ። «እቆፍራለሁ» አለ። አልቆፈረም። ፋሲካ መጣ፣ የየቤቱ የበግ ቆዳ ተከመረለት። ደግሞ የዚያን ዓመት የበልጉ ዝናብ ያለ ልክ ወረደ። ጉድጓዱ እስከ አፉ ሞላ።

«ሊፈስ ነው» አለችው ሚስቱ።

«አየሁት።»

«ወደ ምንጩ ነው የሚሄደው።»

«አየሁት አልኩሽ!»

ከግቢው በታች የመጠጥ ምንጭ አለ። ሴቶች እንስራ ይዘው ተራ ይጠብቃሉ። ጓንጉል ዶማውን አነሣ፣ ከጉድጓዱ እስከ ቱቦው አፍ መሬቱን ሰንጥቆ ውሃውን ለቀቀው። ነጩ ውሃ እየተንደቀደቀ ገባ። ምንጩ ተረፈ። ሴቶቹ እንስራቸውን ሞልተው ሄዱ፤ ከምን እንደተረፉ እንኳ አላወቁም።

መካከለኛው ምኒችል የቱቦው ጠባቂ ነበር። ሰፈሩ ነው የመረጠው፣ ሰው አይፈራም ብሎ። በቱቦው ላይ ያሉትን ክዳኖች እየከፈተ ያያል። የእድሩ ጥሩንባ እሱ ዘንድ ነው፤ ክፉ ውሃ ካየ ይነፋል፣ የታችኛው ሰፈር ሰውም ከቱቦው አጠገብ ያለ ዕቃውን አንሥቶ ይርቃል። እንዲያ ነበር ውሉ። በዚያ ቀን ክዳን ከፈተ። ውሃው እንደ ወተት ነጥቷል። የማን እንደሆነ ለማወቅ አፍንጫው በቃው። ጥሩንባውን ከትከሻው አወረደ፣ ወደ አፉ አስጠጋ። መልሶ ትከሻው ላይ አደረገውና ወደ ወንድሙ ሮጠ።

«አያ ጓንጉል፣ ዝጋው! አሁኑኑ!»

«ምንጩን ላጥፋው እንዴ?»

«አፈር ሙላበት፣ አጥር አፍርስበት፣ እኔ ምን አውቃለሁ! ብነፋው ከእንግዲህ በዚህ ሰፈር ቆዳ የሚሰጥህ የለም። ልጆችህን ምን ልታበላ ነው?»

ሁለቱ ተጋግዘው በጉድጓዱ ዙሪያ አፈር ከመሩ። ውሃው ቆመ። ምኒችል ባይሮጥ የጉድጓዱ ውሃ ሁሉ በወረደ ነበር። የወረደውን ግን «ያልፋል» አለ። ጥሩንባው ሳይነፋ ቀረ።

ታናሹ ስንሻው ከኩሬው ሥር ሽንኩርት ተክሏል። የእሱ ብቻ አይደለም፤ መስኩ ሙሉ የድሃ ቡቃያ ነው። ከቱቦው ጫፍ ነጭ ውሃ ብቅ ሲል አየ። የሚጠይቀው ሰው አጠገቡ አልነበረም። ጭድ የሞላ ጆንያ ቱቦው አፍ ውስጥ ወተፈ፣ በጭቃ መረገው፣ ድንጋይ አስደገፈው። ጥቂት ነው የገባው። ኩሬው ተረፈ፣ መስኩም ተረፈ። የመስኩ ሰዎች ትከሻውን እየመቱ «ወንድ!» አሉት። ደስ አለው፣ ሣሩ ላይ ቁጭ አለ። የተደፈነ ውሃ ወዴት እንደሚሄድ አላሰበም። ሽቅብ ወጥቶ ለማየትም አልተነሣም።

ውሃው የሄደው ወደ ደብሪቱ ግቢ ነው።

ወይዘሮ ደብሪቱ ሸክላ ሠሪ ናት፣ ባሏ የሞተባት። ቤቷ ከቱቦው መጨረሻ ክዳን አጠገብ ነው። የእሷ ሥራ ከእግር ይጀምራል። ጭቃውን እስኪለሰልስ በባዶ እግሯ ትረግጠዋለች፤ ጠጠር ካለበት ተረከዟ ይነግራታል። ያን ቀን ገና እሳት ያልነካው ሸክላዋ በመደቡ ሥር ተደርድሮ ነበር። የተደፈነው ውሃ የቱቦውን ክዳን ገፍቶ አነሣው፣ ግቢውን ሞላ። ያልተተኮሰ ሸክላ ውሃ ከነካው መልሶ ጭቃ ነው። ደብሪቱ ውሃው ውስጥ ገብታ ጀበናውን፣ ድስቱን፣ እንስራውን አንድ በአንድ ታወጣ ጀመር። እግሯን ሲለበልባት ብርድ መሰላት። ቆይቶ እሳት ሆነባት። አልወጣችም፤ እንስራዎቹ አላለቁም ነበር።

ስትጮኽ ጎረቤት ደረሰ። በቃሬዛ ወደ ጤና ጣቢያ ወሰዷት። የእግሯ ቆዳ ተገፎ ወረደ። ሐኪሙ «መራመዱን ትራመጃለሽ፣ ጭቃ ግን ከእንግዲህ አትርገጪ» አላት።

ወንድማማቾቹ ከጤና ጣቢያው ደጅ ተገናኙ። መጀመሪያ በነገር ተነካከሱ።

«ኖራው ያንተ ነው» አለ ስንሻው።

«እኔ ወደ ታች ነው የለቀቅኩት። ወደ ቤቷ የመለሰው ማነው? ወንድ ተብዬ!»

«ሁለታችሁም ዝም በሉ» አለ ምኒችል።

«አንተ ዝምታ ታውቃለህ» አለው ጓንጉል። «በደንብ ታውቃለህ።»

 ከውስጥ የደብሪቱ ድምፅ ይሰማ ነበር፤ ቁስሏን እያጠቡላት ነው። ሦስቱም መሬት መሬት ያያሉ።

ማንም ሳይከሳቸው ራሳቸው ወደ ሽማግሌ ሄዱ። የሽማግሌዎቹ አለቃ መሪጌታ ይትባረክ ይባላሉ። በአገሩ ልማድ የበደለ ሰው ድንጋይ በጫንቃው ተሸክሞ ከተበዳዩ ደጅ ይንበረከካል። ተበዳዩ «አውርደው» ካለው ነገሩ ያበቃል። ካላለው እንደተሸከመ ይመለሳል። ሦስቱም ድንጋይ ድንጋያቸውን ተሸክመው ሄዱ። ሰፈሩ ተከተለ።

ደብሪቱ እግሯ በጨርቅ እንደተጠቀለለ ደጇ ላይ ተቀምጣለች። አየቻቸው።

«ሦስት ድንጋይ? ጉልቻ ልትጎልቱልኝ ነው?»

ሰው ሊስቅ አለና ተወው። አረቄ አውጪዋ እትዬ ላቀች ብቻ ከኋላ «እኔ አተላዬን በጀርባዬ አዝዬ ሳወጣ ገማሽ ይሉኝ ነበር!» አለች። ጓንጉል አንገቱን ይበልጥ አቀረቀረ።

«ልጄ» አሉ መሪጌታ ለደብሪቱ፣ «ሦስቱም በድለናል ይላሉ። ሦስቱንም ይቅር በዪ።»

«አልልም፣ አባቴ። ለሦስት ሲካፈሉት ለየራሳቸው ይቀላቸዋል። እኔን እግሬን ማን ተካፈለኝ? አንድ ሰው ይምጣ። ያ ሰው እግሬ ይሁን። ጠዋት ይምጣ፣ ጭቃዬን ይርገጥ፣ ጠጠሩን በተረከዙ ይልቀም። ሥራው ቢቀርበት ይቅርበት። እሱን አውርደው እለዋለሁ፣ ከቤቴም ይገባል፣ ከማዕዴም ይበላል። ሁለቱ ግን ድንጋያቸውን ይዘው ይሂዱልኝ። በደጄ ሲያልፉ ቀና ብዬ አላያቸውም።»

ጨዋታው ተለወጠ። ድንጋዩ ቅጣት መሆኑ ቀርቶ የሚሻሙበት ሆነ።

ጓንጉል እንዲህ አለ፦ «ለእኔ ይገባል። ኖራው ከእጄ ወጣ። ጉድጓዱን በበጋ ብቆፍር ኖሮ እነዚህ ሁለቱ እዚህ አይቆሙም ነበር። ውሃውን የለቀቅኩበት ሳይሆን ጉድጓዱን ሳልቆፍር የዋልኩበት ቀን ነው የሚጸጽተኝ። እትዬ ደብሪቱ፣ ቆዳውን እተወዋለሁ።»

ምኒችል እንዲህ አለ፦ «ለእኔ ይገባል። እሱ ተጨንቆ ነው፣ ይሄኛው ሳያውቅ ነው። እኔ ዐውቄ ነው። ጥሩንባው አፌ ደርሶ ነበር። ብነፋው እንስራሽን አንሥተሽ ከግቢ በወጣሽ። የወንድሜን ስም ካንቺ እግር አስበለጥኩ። እነሱ ሌሊት እንቅልፍ ይወስዳቸው ይሆናል። እኔን አይወስደኝም።»

ስንሻው ድንጋዩን በጫንቃው አስተካከለ። እንዲህም አለ፦ «እነሱ ያደረጉት ሁሉ በቱቦው ወርዶ ያልፍ ነበር። ግቢሽ ያስገባሁት እኔ ነኝ፣ በዚህ እጄ። መስኩን ላድን ነበር። አድኜም ሲያመሰግኑኝ ደስ ብሎኝ ተቀምጬ ነበር፣ አንቺ ስትቃጠዪ። ሽንኩርቱን ባየሁ ቁጥር እግርሽ ነው የሚታየኝ።»

ሽማግሌዎቹ ተከፋፈሉ። አንዱ «ሥሩ ጓንጉል ነው፣ ለእሱ ይሁን» አለ። ሌላው «ምንጩን ያተረፈ ሰው ነው፣ ምን ያድርግ? የታመነው አጉድሏልና ምኒችል ይሁን» አለ። ሦስተኛው ተቆጣ፤ «ይቅርታ ለባሰበት ጥፋተኛ ነው ወይስ ላነሰው? ስንሻው ደንብ አልጣሰም፣ ሳያውቅ ለሠራው ዕድሜ ልኩን ጸጸት ሊቆረጥመው ነው? ለእሱ ይሁን» አለ። መሪጌታ ከሁሉም ጋር ተስማሙ፣ ስለዚህ አልበየኑም።

«አባቴ፣ ቶሎ በሉ» አለች ደብሪቱ። «ጭቃው እየደረቀ ነው።»

ሦስቱ ከነድንጋያቸው ተንበርክከዋል። ላብ ከግንባራቸው መሬት ይንጠባጠባል። አንዱም ሌላውን አያይም፤ ሁሉም አፏን ነው የሚያዩት።

እንግዲህ የሰማችሁ ሁሉ ተከራከሩ። «አውርደው» መባል የሚገባው ለማን ነው? እሱን ከመረጣችሁ በኋላስ፣ ሁለቱን ድንጋያቸውን ይዘው እንዲነሡ የምትነግሯቸው ምን ብላችሁ ነው?